የሸረሪቷ ዋስ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ትልልቆቹም ጠጋ በሉ፣ ተረት ዕድሜ አይጠይቅም። ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት ማለቱን ለዛሬ ተዉት፤ የዛሬው ቤት ላም የለበትም።

ድሮ ድሮ፣ ሰውና ነፍሳት በአንድ ቋንቋ ተጣልተው በአንድ ቋንቋ በሚታረቁበት ዘመን፣ ከላይ ኮረብታ ከታች ረግረግ የሆነ አንድ አገር ነበረ። ስሙን አትጠይቁኝ፤ ለኔም የነገረኝ የለም። በኮረብታው ወገብ ላይ እማማ ደብሪቱ የሚባሉ አሮጊት ይኖሩ ነበር። ባል ነበራቸው፣ ሞተ። ልጅ አልወለዱም። የነበራቸው አንዲት ጎጆ፣ አንድ ምርኩዝና ሁለት ጥሩ ዓይን ነው።

እማማ ደብሪቱ የሰው ሥራ አይተው የጠገቡ ሰው ስለነበሩ ሸረሪት ማየት ያዙ። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ አጥሩ ጋ ይሄዱና ፀሐይን ፊት ለፊት አድርገው ይቆማሉ፤ ያን ጊዜ በሌላ ሰዓት የማይታየው ድር ሁሉ ያበራል። ሸረሪት ትንፋሽ አትወድም ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍናሉ። እንዲህ እያሉ አንዷን ካንዷ ለዩ። አጥሩ ላይ ክብ ድር ዘርግታ መሀሉ ላይ ቁልቁል የምትሰቀለዋን “ሸማኔዋ” አሏት። ማሳ ውስጥ ድር ሳትሠራ የምትሮጠዋን፣ ልጆቿ ሲፈለፈሉ ሁሉንም ጀርባዋ ላይ ጭና የምትዞረዋን “አዛይቱ” አሏት። ግድግዳ ላይ እየዘለለች የምታድን ትንሽዬ ደግሞ አለች፤ ጣት ሲቀስሩባት ዞር ብላ በትልልቅ ዓይኗ መልሳ ታያለች። እሷን “ወሬኛዋ” አሏት።

የመንደሩ ሰው ይስቅባቸዋል። “እማማ ደብሪቱ፣ ሸረሪት ሸረሪት ናት፤ ምን ይታይባታል?” ይላቸዋል።

እሳቸውም ሁልጊዜ አንድ መልስ አላቸው። “ቆይ ልይ፤ ካየሁ ልለይ።”

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ፣ ዓውደ ዓመት ሊገባ ሲል መንደሩ በሙሉ መጥረጊያውን ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አሠረ። ድር ያለበት ቤት ዓመቱ አይቀናውም ይሉ ነበራ! ከጣራ ከጥግ፣ ከማጀት ከጓዳ፣ አንድ ድር ሳይቀር ተጠረገ። እማማ ደብሪቱም መጥረጊያቸውን አንስተው ቀና ሲሉ፣ ከደጃፋቸው ጉበን በላይ ጥግ ላይ የምትኖረው ሸረሪት ድምፅዋን አሰማች።

“እማማ፣ እኔንም ሊጠርጉኝ ነው?”

“ዓውደ ዓመት አይደል ልጄ?”

“መጥረጊያው ሲመጣ እኔስ እሮጣለሁ። እነዚህ ግን አይሮጡም” አለችና በእግሯ አሳየቻቸው። ድሩ ላይ የጥጥ ፍሬ የመሰለች ነጭ ከረጢት ተንጠልጥላለች። “መቶ ይሆናሉ። ለመውጣት ዘጠኝ ቀን ቢቀራቸው ነው። እነሱን ትቼ የምሄድበት እግር የለኝም።”

እማማ ደብሪቱ ከረጢቷን አዩ፣ አዩ። ልባቸው ባባ። መጥረጊያውን ከግድግዳው አስደገፉና “ልጆችሽ እስኪወጡ ይሄ መጥረጊያ አይነካሽም። ዓመቱም ካልቀናኝ ይቅር፣ ስንቱ ቀንቶኝ ያውቃል?” አሉ።

በዋዜማው ጎረምሶቹ ወደ ረግረጉ ወርደው ቄጤማ አጨዱ። ቄጤማው በየቤቱ ተጎዘጎዘ። ለእማማ ደብሪቱ ግን ያመጣላቸው አልነበረም። አንዱ ሌላው ያደርስላቸዋል ብሎ፣ ሌላውም አንዱ አድርሶላቸዋል ብሎ ረሳቸው። ሰው ብቸኛን የሚረሳው በዓውደ ዓመት ቀን ነው፤ እዚህ ላይ ሁልጊዜ እናደዳለሁ፣ ታገሱኝ።

ቄጤማው ብቻውን አልመጣም። ረግረጉ ውስጥ ጉንዳን የሚያክል አንድ ጢንዚዛ ነበረ፤ ወገቡ ቀይ፣ ራሱና ጭራው ጥቁር። በዚህ መልኩ የተነሳ ቀይ ለባሹ ይባላል፤ ኩራቱ ግን ከረግረጉ ይሰፋል። የቄጤማው ግንድ ላይ እንደተቀመጠ ታጭዶ፣ ታሥሮ፣ በሰው ትከሻ ተጭኖ የመንደሩ ጭቃ ሹም ቤት ገባ። ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ድር የለም! ጥጉን አየ። ድር የለም!

“እሰይ!” አለ ቀይ ለባሹ። “ሸረሪት የሌለበት ቤት! ትንኙ የኔ፣ ዝንቡ የኔ፣ አዳራሹ የኔ!”

ጭቃ ሹሙ ድንበሩ ይባላል። ልጁ አንጓች አንዲት ሕፃን አለቻት፣ ስሟ ትርንጎ። ትርንጎ ገና መዳህ የጀመረች፣ መንደሩ ሁሉ እየተቀባበለ የሚስማት ልጅ ነበረች። በዓውደ ዓመቱ ቀን ቄጤማው ላይ ስትድህ ቆይታ ደከማትና እዚያው ጉንጯን አሳርፋ ተኛች። ቀይ ለባሹ ከሥር ነበረ። ተጨነቀ፣ ተጫነ፣ መርዙ ፈሰሰ። ከዚያ ሹልክ ብሎ መደብ ሥር ገባ።

በማግስቱ የትርንጎ ዓይን አብጦ ተከደነ። ከቅንድቧ እስከ ጉንጯ ውኃ የቋጠረ መስመር ወጣባት። ልጅቱ ስታለቅስ እናቷ አብራ አለቀሰች። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አንዱም ቀረብ ብሎ ሳያይ ሁሉም ባንድ አፍ “ሸረሪት ሸንታባት ነው!” አለ።

ቀይ ለባሹ መደብ ሥር ሆኖ ሲሰማ ሊስቅ ምንም አልቀረው። ወጣ አለና “እኔ ምን አደረግሁ? ያደረገችው ሸረሪት!” እያለ ደጅ ለደጅ ዞረ። “ግን ቤቱ ሁሉ ተጠርጓል፤ ከየት መጣች?” ብለው ሲጠይቁት “የደብሪቱን ጥግ አያችሁ? መጥረጊያ ያልነካው እሱ ብቻ ነው!” አላቸው።

ሸንጎ ተጠራ። ዋርካው ሥር ጭቃ ሹሙ ተቀመጠ፤ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። ሸረሪቷ በእማማ ደብሪቱ ምርኩዝ ጫፍ ላይ ሆና ቀረበች። ቀይ ለባሹ ለምስክርነት ቀረበ፣ ወገቡን ነፍቶ።

“ምን አየህ?” አለ ጭቃ ሹሙ።

“በዓይኔ በብረቱ አየሁ ጌታው! ይቺ ሸረሪት መጣች፣ ልጅቱ ላይ ሸናች፣ ሄደች። እኔ ምን አደረግሁ? ያደረገችው ሸረሪት!”

“አንቺስ ምን ትያለሽ?”

“ጌታው፣” አለች ሸረሪት፣ “ከእማማ ደብሪቱ ቤት እስከ እርስዎ ቤት ሦስት አጥር አለ። ለመሽናት ብዬ ሦስት አጥር እዘላለሁ?”

ሰዉ ሳቀ። ጭቃ ሹሙ ግን አልሳቀም፤ ያቺ የምታለቅስ ልጅ የልጁ ልጅ ናት። “ቀልዱን ተይው! እሳት ይምጣና ከነድርሽ፣ ከነከረጢትሽ ትቃጠይ” አለ።

ሸረሪቷ የዚህን ጊዜ ቀልዱን ተወች። “እኔን ያቃጥሉኝ። ለከረጢቷ ግን ሰባት ቀን ይስጡኝ። ያልተወለደ ምን በደለ?”

“ሰባት ቀን ሙሉ ማን ይጠብቅሻል? ዋስ ጥሪ።”

ሸረሪት ዋስ ከየት ታምጣ? ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች። ያ ሁሉ ሰው መሬት መሬት ያያል። ለሸረሪት ዋስ የሆነ ሰው ዕድሜ ልኩን መሳቂያ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። በመጨረሻ ምርኩዛቸውን ተደግፈው የቆሙት አሮጊት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ዋሷ እኔ ነኝ” አሉ።

“እማማ ደብሪቱ፣ ምን ነካዎት?” አለ ጭቃ ሹሙ። “በነዚህ ሰባት ቀኖች ሌላ ሰው ቢቃጠል የሚነደው ድሩ ብቻ አይደለም፣ ጎጆዎ ነው። ዋስ የያዘውን ይከፍላል።”

“አውቃለሁ። አንተ ድንበሩ፣ እኔ አልዋሽህም፤ ልጅቱን ማን እንዳቃጠላት አላየሁም። አንተም አላየህም። ቆይ ልይ፤ ካየሁ ልለይ።”

በመጀመሪያው ቀን እማማ ደብሪቱ ከድሩ ሥር አመድ በተኑና ቁጭ ብለው ጠበቁ። አመዱ ላይ ኮቴ አልታየም። ሸረሪቷ ከጥጓ ንቅንቅ አላለችም፤ ከረጢቷን አቅፋ ውላ አደረች።

በሁለተኛው ቀን “ልጄ፣ ነይ እስቲ” ብለው ግራ ክንዳቸውን ዘረጉላት። ሸረሪቷ ፈራች። “እማማ፣ ቢያሳክክዎትስ?” አለች። “ባይሽ ነው የማውቀው፣ ነይ” አሏት። ከእጃቸው እስከ ክርናቸው ሄደች፣ ተመለሰች። ምንም አልሆኑም።

በሦስተኛው ቀን አንጓች ቤት ሄዱ። እንባዋን ጠረጉላትና “ልጄ፣ ትርንጎ የት ነበር የተኛችው?” አሏት።

“የት ይሆናል? ቄጤማው ላይ።”

“ቄጤማው የት ነው የበቀለው?”

“ረግረጉ ውስጥ ነዋ።”

እማማ ደብሪቱ ጎንበስ ብለው የጠወለገውን ቄጤማ አንድ ባንድ ማገላበጥ ጀመሩ። መደብ ሥር የተደበቀው ቀይ ለባሽ ይህን ሲያይ ደነገጠ። “ኧረ የዚች አሮጊት ዓይን አደገኛ ነው!” አለ በልቡ። “ሳትደርስብኝ ልቅደማት። መጀመሪያ ጭቃ ሹሙን፣ ቀጥሎ ራሷን! ‘ዋሲቱ ራሷ ተቃጠለች’ ሲባል ሸረሪት ማን ይቀርላታል?”

በአራተኛው ቀን ጭቃ ሹሙ ከቀትር በኋላ ጋደም እንዳለ ቀይ ለባሹ አንገቱ ላይ ወጣ። ጭቃ ሹሙ ዓይኑን ሳይገልጥ ጠፍ! አደረገው። መርዙ ፈሰሰ፤ እሱ ግን ባንድ ጎኑ እያነከሰ አመለጠ። ከዚያ በቀጥታ ወደ እማማ ደብሪቱ ጎጆ በረረ። አሮጊቷ መደባቸው ላይ ሸለብ አድርጓቸዋል። ክንዳቸውን አይቶ፣ ተደስቶ፣ በደጃፉ በላይ በኩል እንደ ጌታ ሊገባ ሲል ድሩ ላይ ተለጠፈ።

ሸረሪቷ እየተንደረደረች መጣች። ቀይ ለባሹ ሲያያት ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች። “ልትበይኝ ነው?” አለ።

“ኧረ ምን በወጣኝ?” አለች ሸረሪት። “አንተን ከበላሁ ምስክሬ ጠፋ።” በአንድ ክር ወገቡን፣ በአንድ ክር ክንፉን አሠረችና ተመልሳ ከረጢቷ አጠገብ ተቀመጠች።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት የጭቃ ሹሙ አንገት አበጠ፤ ልክ እንደ ልጅቱ ውኃ የቋጠረ መስመር ወጣበት። “ሸረሪት ሸንታበት ነው!” ብሎ መንደሩ ጮኸ። ችቦ ተቀጣጠለ። ጭቃ ሹሙ አንገቱን በነጠላ ጠቅልሎ ከፊት፣ ሰዉ ከኋላ ሆኖ እማማ ደብሪቱ ደጅ ደረሰ።

“እማማ፣ ያውቃሉ መቼም፤ ዋስ የያዘውን ይከፍላል” አለ። ድምፁ አዝኗል፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

“አልክድህም። ጎጆዬ ይኸው፣ እሳትህም ይኸው” አሉ እማማ ደብሪቱ። “ግን መልስልኝ፤ ይቺ የምታቃጥላት ሸረሪት፣ እግሯ ስንት ነው?”

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። “ስድስት!” አለ አንዱ። “ኧረ አሥር ነው!” አለ ሌላው። “አራት፣ አራት!” አለ አንድ ጉልበተኛ። ዕድሜውን ሁሉ ሸረሪት ሲጠርግ የኖረ መንደር አንድም ቀን ቆጥሮ አያውቅም።

“አንጓች፣ አንቺ ነይና ቁጠሪ” አሏት። ልጇ የተቃጠለችባት እሷ ናትና ማንም ደፍሮ አላስቀራትም። አንጓች ትርንጎን አዝላ ድሩ ሥር ቆመች። እየፈራች ቆጠረች። “አንድ፣ ሁለት... ስምንት። ስምንት ናቸው።”

“ያ የታሠረውስ?”

“አንድ፣ ሁለት... ስድስት።” አንጓች ጠጋ ብላ አየችው። “እማማ፣ ይሄ እኮ ሸረሪት አይደለም፣ ያ ምስክሩ ነው። ይሄ... ቄጤማው ላይ ያለው ነው!”

“እኔ ምን አደረግሁ?” ብሎ ጮኸ ቀይ ለባሹ ከድሩ ላይ። “ያደረገችው ሸረሪት! ፍቱኝ፣ ብቻ እንዳትጫኑኝ፣ ብትጫኑኝ ይፈስሳል!”

“ምኑ ነው የሚፈስሰው?” አለ ጭቃ ሹሙ።

ቀይ ለባሹ አፉን ዘጋ፤ ቃሉ ግን ወጥቷል። ጭቃ ሹሙ አንገቱን እየዳሰሰ ብዙ አሰበ። “እግሩ ስድስት መሆኑን አየሁ። አቃጣዩ እሱ መሆኑን ግን ገና አላየሁም። ፈርጄ መሳሳት አልፈልግም” አለ። እዚህ ላይ ሰውየውን ወደድኩት።

“ወግ ነው! አሁን ዳኛ ሆንክ” አሉ እማማ ደብሪቱ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። በግራ ክንዳቸው ላይ ሸረሪቷን አስኬዱ። ከዚያ ቀይ ለባሹን ከድሩ ላይ በቀስታ አነሱት።

አንጓች እጃቸውን ያዘች። “እማማ፣ ይተዉ! እጅዎ ይቃጠላል!”

“የትርንጎ ዓይን ከቻለው የኔ ያረጀ ቆዳ አይችለውም?” አሉና በቀኝ ክንዳቸው ላይ አሳርፈው በጣታቸው ጫን አደረጉት። “በሉ፣ እሳታችሁን አጥፉና እደሩ። ነገ ቆዳዬ ይመስክር።”

በስድስተኛው ቀን ጠዋት መንደሩ ደጃቸው ላይ ተሰበሰበ። እማማ ደብሪቱ ወጡ፤ ፊታቸው ገርጥቷል። ግራ ክንዳቸውን አሳዩ፤ ንጹሕ ነው። ቀኙን አሳዩ። ከአንጓቸው እስከ ክርናቸው ውኃ የቋጠረ መስመር ወጥቶ ቆዳው ቀልቷል። ሴቶቹ “እኔን!” አሉ። አንጓች ክንዳቸውን በቀዝቃዛ ውኃ እያጠበች እንባዋ ይወርድ ነበር፣ ውኃውና እንባዋ አይለይም።

ጭቃ ሹሙ ከሰዉ መሀል ወጣ። ሲመለስ በዚያ በተቃጠለ አንገቱ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ እንዲህ ነው፣ ታውቃላችሁ። እማማ ደብሪቱ እግር ሥር ወደቀ። “ይማሩኝ” አለ።

“እኔ ምሬሃለሁ፤ የተበደለችው ግን ከላይ ናት” አሉት።

ጭቃ ሹሙ ድንጋዩን እንደተሸከመ ቀና አለና ለሸረሪት “ማሪኝ” አላት። አገር የሚያስተዳድር ሰው ለአንዲት ሸረሪት! ማንም ግን አልሳቀበትም።

“ድንጋዩን ያውርዱ ጌታው፣ አንገትዎ ታሟል” አለች ሸረሪት። “ካሳ አልፈልግም። ብቻ መጥረጊያ ከማንሳትዎ በፊት ቀና ይበሉ፤ ልጅ ያለው ሰው ይኖራል።”

ቀይ ለባሹን ሰዉ ሊጨፈልቀው ተነሳ። እማማ ደብሪቱ ከለከሉ። “ስትጨፈልቁት ነው የሚያቃጥላችሁ፤ ቢያርፍባችሁ እፍ በሉት፣ ይሄዳል” አሉና በቅጠል አስይዘው እስከ ረግረጉ አስሸኙት። ቤቱ እዚያ ነው፣ እዚያው ይኑር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በዚያ አገር ቄጤማ ደጅ ላይ ሦስት ጊዜ ሳይራገፍ ቤት አይገባም።

በሰባተኛው ቀን ጥሩ ፀሐይ ወጣ። ነጯ ከረጢት ተቀደደች። የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ልጆች ተንጋግተው ወጡ፣ ድሩን ይዘው ጣራ ላይ ወጡ፣ ሳሩ ጫፍ ላይ ቆሙ። እያንዳንዱ ጭራውን ቀና አድርጎ አንድ ክር ለነፋስ ለቀቀ። ነፋሱ ክሩን አነሳው፣ ክሩም ልጁን አነሳው። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር፣ ሃምሳ። መንደሩ በሙሉ አንገቱን አቅንቶ ያያል። ትርንጎም ያበጠው ዓይኗ ጎደል ብሎላት በሁለቱም ዓይኗ ታያለች።

እናትየዋ ሸረሪት ወርዳ እማማ ደብሪቱ ትከሻ ላይ ተቀመጠች። “እማማ፣ ውለታዎን በምን ልመልስ? ያለኝ ክር ብቻ ነው” አለች።

እማማ ደብሪቱ የታሰረ ክንዳቸውን በጤነኛው አቅፈው ሰማዩን ያያሉ፤ እንባቸው ባገጫቸው ይወርዳል፣ ግን ይስቃሉ። የመጨረሻው ክር ከኮረብታው በላይ ሲያልፍ ነው የተናገሩት።

“ወልጄ አላውቅም ነበር” አሉ። “ዛሬ ግን መቶ ልጅ ዳርኩ።”

ተረቴ ይህ ነው። አፌን በዳቦ አብሱ አልላችሁም፣ ዛሬ ዳቦው ይቅርብኝ። ብቻ የዚያ አገር ሰው እስከ ዛሬ የሚላትን ይዛችሁ ሂዱ፦

በጆሮ ሲቆጥሩት፣ ስድስቱም ስምንት ነው።